ከናፍጣ ሥር ያለው ጥቁር ዝገት

ከሥራ የወጣሁት ጉልበቴ ስለከዳኝ ነው እንጂ አፍንጫዬስ አሁንም ደህና ነው። ባለፈው መስከረም ሐኪሙ የጉልበቴን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅሎ ካየ በኋላ "ከእንግዲህ መንበርከክ የለም" አለኝ። የእኔ ሥራ ደግሞ መንበርከክ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በቤይሩትና በዙሪያዋ በየሕንፃው ሥር ተንበርክኬ፣ የናፍጣ ታንከር ክዳን ከፍቼ፣ ከታች የተኛውን ውሃ እየቀዳሁ አሽትቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ከሰገድኩት ይልቅ ለታንከር የሰገድኩት ይበልጣል ብል የንስሐ አባቴ ይቆጡኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

እሑድ እሑድ የማገኛቸው የአገሬ ልጆች "እትዬ ዘነቡ፣ እርስዎ ግን ምንድን ነው የሚሠሩት?" ሲሉኝ "ብረት የሚበሉ ተሕዋስያን አድናለሁ" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ስቄያለሁ፤ ስለዚህ አልቀየማቸውም።

ዝገት ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ቀዩን ነው። ዝናብ የመታው ቆርቆሮ ይቀላል፣ ይላላል፣ ይረግፋል። ይህ ዝገት ውሃም አየርም ይፈልጋል። ታዲያ ሰው "አየር የማይደርስበት ብረት አይዝግም" ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን በናፍጣ ታንከር ግርጌ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ አለ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ናፍጣው ከላይ እንደ ክዳን ይተኛበታል፣ አየር የሚባል ነገር አይገባም። እዚያ ጨለማ ውስጥ እኛ በኦክሲጅን እንደምንተነፍሰው፣ በውሃው ውስጥ ባለ ሰልፌት የሚባል ነገር የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። የሚያወጡት ጋዝ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ጋዙ ብረቱን ሲያገኘው ጥቁር ልጋግ ይሆናል፤ ከልጋጉ ሥር ብረቱ በነጥብ በነጥብ ይበሳል። አንዳንዶቹማ ጋዙንም አይጠብቁም፤ ከብረቱ ላይ ኤሌክትሮኑን በቀጥታ ይመጥጡታል። ከውጭ ብታየው ታንከሩ ደህና ነው። ነቀዝ የገባበትን ስንዴ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ወደ ሊባኖስ የመጣሁት እንደ ሁሉም ሰው የቤት ሠራተኛ ሆኜ ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ሰባት ዓመት የሠራሁላት ማዳሜ አርመን ነበረች፤ ዘነበች የሚለውን ስሜን አንደበቷ አልቀበል ቢላት "ዘይነብ" አለችኝ፣ ማተብ አንገቴ ላይ እያለ ዘይነብ ሆኜ ቀረሁ። ማዳሜ ክፉ አልነበረችም፣ በጽዳት ግን ቀልድ አታውቅም። አንድ ነገር "ንዲፍ" የሚባለው፣ ማለትም ንጹሕ የሚባለው፣ ፊቷን ሲያሳያት ብቻ ነው። የድስት ቂጥ ሳይቀር ነጭ እስኪሆን አሽቻለሁ። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር አጥንቴ ውስጥ ገባ፦ ጥቁር ነገር ካየሁ እጄ በረኪና ይፈልጋል።

ማዳሜ ልጆቿ ዘንድ ካናዳ ስትሄድ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቴ ወደ ወንድሟ ስም ዞረ። ወንድሟ ሃጎፕ ይባላሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው ግን "ሙዓሊም" እያለ ነው፤ ለባለሙያ ሰው የሚሰጥ የክብር ስም ነው። ባውሽሪዬ ውስጥ ጋራዥና ብረታ ብረት ቤት በተደረደረበት መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ወርክሾፕ ነበረቻቸው። ሥራቸው የተቀበሩ ታንከሮችንና ቧንቧዎችን መመርመር ነው። እኔ የተቀጠርኩት ወለል ልጠርግ፣ ጠርሙስ ላጥብ ነበር። ደሞዙ ከቤት ሠራተኛ ጥቂት ከፍ ይላል፤ የመኖሪያ ፈቃዴን በየዓመቱ ያለ ንዝንዝ ያሳድሱልኛል። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ የምለው የለም።

በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት መደርደሪያው ላይ አሥር ትንንሽ ጠርሙሶች አየሁ። የጎማ ክዳን አላቸው፣ በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ አንድ ሚስማር ተቀምጧል፣ ፈሳሹ ደግሞ ጥቁር፣ የከሰል ውሃ የመሰለ። አንዱን ስከፍተው ሽታው ወደ ኋላ ገፈተረኝ። "ውይ፣ ሰውዬው ሚስት የላቸው፣ ማን ያጽዳላቸው" ብዬ አዘንኩ። አሥሩንም ደፋሁ፣ በበረኪና አጠብኩ፣ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ በሽቦ ፈትጌ እንደ ብር ማንኪያ ደረደርኳቸው።

ሙዓሊም ገቡና መደርደሪያው ፊት ቆሙ።

"ዘይነብ፣ ጥቁሮቹ የት ሄዱ?"

"አጠብኳቸው ሙዓሊም። እንዴት ያለ ሽታ ነበራቸው! አሁን ኸላስ፣ አለቀ፣ ንዲፍ ሆኑ።"

የጮኹት ጩኸት የጎረቤቱን መካኒክ ከመኪና ሥር አወጣው። "ገደልሻቸው! አሥር ቀን ሙሉ ያሳደግኋቸውን ገደልሻቸው!" እኔ ዓሣ ወይም ሌላ እንስሳ ያረቡ መስሎኝ "ምን ገደልኩ? ምንም አልነበረበትም እኮ!" እያልኩ አለቀስኩ። ሙዓሊም ጮኸው ጮኸው ሲያበቁ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና እስከ ቀትር አስረዱኝ። ከታንከር ግርጌ የተቀዳው ውሃ በመርፌ በጎማው በኩል ወደ ጠርሙሱ ይገባል። ባክቴሪያዎቹ ካሉ ሚስማሩን እየበሉ ይባዛሉ፣ ፈሳሹ ይጠቁራል። ከሌሉ እንደ ጠራ ይቀራል። ከመጀመሪያው ጠርሙስ ጥቂት ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ጥቂት ወደ ሦስተኛው እያሉ እስከ አምስት ይሄዳሉ፤ ስንተኛው ድረስ እንደጠቆረ አይቶ ብዛታቸውን መገመት ይቻላል።

"እዚህ ቤት" አሉኝ ሲጨርሱ፣ "እድፍ ምስክር ነው። ምስክር አይታጠብም።"

ከዚያ በኋላ ወለል መጥረጉ ቀስ በቀስ ቀረና መርፌው እጄ ገባ። እጄ አይንቀጠቀጥም፤ የማዳሜን ክሪስታል ብርጭቆ ሰባት ዓመት ሳልሰብር ያጠበ እጅ ነው። ሙዓሊም ይህን አይተው ናሙና መቅዳቱንም አስተማሩኝ። ጠርሙሱ እስከ አፉ ጢም ብሎ ይሞላል፣ አንዲት የአየር አረፋ አትቀርም። "አየር ከገባ ይሞታሉ፣ ከሞቱ ደግሞ ምንም የለም ብለው ይዋሹናል" ይሉ ነበር።

አንዳንድ ልማዳቸው ያስቀኛል። ወደ ቆሻሻው ጉድጓድ ሁሉ የሚሄዱት የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ነው። "ሙዓሊም፣ ሰማያዊ ቱታ ቢለብሱ ምን አለበት?" ስላቸው "ጥቁሩ የት እንደነካኝ በምን አውቃለሁ ታዲያ?" አሉኝ። የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው፤ ናፍጣ ቀለምን ያጠፋዋል፣ እርሳስን ግን አይነካውም። ከመስክ ስመለስ "ምን አየሽ?" ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው "ምን ሸተተሽ?" ነው። ዓይን የሚፈልገውን ያያል፣ አፍንጫ ግን አያዳላም ባይ ናቸው። አንድ ነገር ግን እንደ ሕግ አስምለውኛል፦ ማንም ሰው ታንከር ውስጥ አይገባም፣ ክዳንም ብቻውን አይከፍትም። የእንቁላሉ ሽታ በርትቶ ሳለ ድንገት ከጠፋ፣ ጋዙ አልጠፋም፤ አፍንጫ ነው የሞተው። ያን ጊዜ ቆሞ ማሰብ የለም፣ መሮጥ ነው።

የሙያ ኩራቴ የጀመረው ወደቡ አካባቢ ባለ አንድ መጋዘን ነው፤ ወደቡን ካወደመው ፍንዳታ በፊት ነው ይህ። የእሳት ማጥፊያ ቧንቧቸው እዚህም እዚያም ይበሳል። ውሃው ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ነው። የኩባንያው ወጣት መሐንዲስ እጁን አጣምሮ ለሙዓሊም "የተዘጋ ውሃ ነው፣ ኦክሲጅኑ ካለቀ ቆይቷል፣ ዝገት ሊሆን አይችልም" አላቸው። ቀጥሎ እኔን አየና "ይቅርታ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ውጭ ብትጠብቅ?" አለ። ሙዓሊም ከቦርሳቸው አንዲት የአሲድ ብልቃጥ አውጥተው ሰጡኝ። ከቧንቧው ውስጥ ጥቁሩን ቅርፊት ፍቄ፣ ሳህን ላይ አድርጌ፣ አፍንጫው ሥር ያዝኩለትና አንድ ጠብታ ጣል አደረግሁበት። ጥቁሩ የባክቴሪያ ሥራ ከሆነ አሲድ ሲነካው ያንኑ የእንቁላል ሽታ ያወጣል። ሰውዬው መሐረቡን ፍለጋ ኪሱን ሁሉ በረበረ። "ፓርዶን ሙሲዩ" አልኩት፣ ማዳሜ እንዳስተማረችኝ አድርጌ። ሙዓሊም እስከ ባውሽሪዬ ድረስ መኪና ውስጥ ሲስቁ ሄዱ።

እንዲህ እያልኩ ዓመታት ሠራሁ። ዳቦ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ማሞቂያ ቧንቧ፣ የጀነሬተር ታንከር። በኋላ የአገሪቱ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣና መብራት ጠፋ፤ ሕንፃው ሁሉ በጀነሬተር መኖር ጀመረ፤ ናፍጣ፣ በእነሱ አጠራር ማዙት፣ ከወርቅ ባልተናነሰ ተከበረ። ሥራችን በዛ። ሙዓሊም ግን ልባቸው ታመመና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ መስክ የምወጣው እኔ ብቻ ሆንኩ። ወረቀቱን እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው ጠይቀውኝ ይፈርማሉ። በዚህ ጊዜ ነው አንድ ትልቅ ስህተት የሠራሁት፤ የዕውቀት ማነስ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ቡርጅ ኤል ባራጅነህ በሚባለው የቤይሩት ዳርቻ ሰፈር ሐጅ ሙስጠፋ የሚባሉ ሽማግሌ አምስት ፎቅ ያለው ሕንፃ አላቸው። ከግቢው ሥር የተቀበረ የድሮ ታንከር ነበራቸው፤ ያን ጊዜ ባዶ ነበር። ውድ ናፍጣ ከመሙላታቸው በፊት ይመርመር አሉ። የሕንፃው ናጡር፣ ዘበኛውም ጠጋኙም ማለት ነው፣ ዓብዱ የሚባል ሱዳናዊ ነው። ሚስቱ የሺ የደሴ ልጅ ናት፤ ደረጃ ሥር ባለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ። የዓብዱ መኖሪያ ፈቃድ በሐጁ ስም ነው።

ገና ከመግባቴ የሺ ሮጣ ጉልበቴን ልትስም አጎነበሰች።

"እንኳን ደህና መጡ እትዬ! ሐጁ 'ሙሃንዲሳዋ ሐበሻ ናት' ሲሉን አላምን አልኩ። ፎቁን ሁሉ ዞሬ ነገርኩ እኮ፣ የኛ ሰው መሐንዲስ ሆና ልትመጣ ነው ብዬ። ታዲያ የኛ ሰው መጥታ ቆሻሻ ልታይ? ሞቼ ነው! እኔና ዓብዱ ሁለት ቀን ሙሉ ብሩሽ በረጅም ቧንቧ ላይ አስረን በክሎር አሸነው። ሲሸት አይጣል ነበር፣ ያኒ ጥቁር ጭቃ። አሁን ይዩት፣ እንጀራ ይቀርብበታል።"

ክዳኑ ላይ ተንበርክኬ በባትሪ ሳይ፣ ዓይን የሚደርስበት ግርጌ ሁሉ ያበራል። የሸተተኝ ክሎር ብቻ ነው። ማድረግ የነበረብኝን አሳምሬ አውቃለሁ፤ እኔም አሥር ጠርሙስ ያጠብኩ ሰው ነኝ። "የሺ፣ ምስክሬን አጥበሽብኛል። አሁን ምንም ማለት አልችልም። ጥቂት ውሃ ተኝቶበት ይዘጋ፣ ከወር በኋላ እመለሳለሁ፣ እስከዚያ አይሞላም" ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ቀና ስል በየበረንዳው ሴቶች ተደርድረው ያዩናል። የሺ ዓይኗ ውስጥ እንባ አለ፣ የኩራት እንባ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይህችን ልጅ "አበላሽተሻል" ልበላት? ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታን በአረብኛ ምን እንደሚሉት ሃያ ዓመት ጠይቄ አንድ ቃል ያገኘሁለት የለም፤ እኔ ግን ያን ቀን አንደበቴን ሲቆልፈው ተሰምቶኛል።

"እጅሽ ይባረክ" አልኳት። ከታጠበው ግርጌ የቀረችውን እርጥበት ቀድቼ ሄድኩ። አሥር ቀን ጠበቅሁ፤ ጠርሙሶቹ እንደ ምንጭ ውሃ ጠሩ። በክሎር የታጠበ ነገር ምን ይጠቁራል? ወረቀቱ ላይ "ጥቁር ክምችት የለም፣ ታንከሩ ሊሞላ ይችላል" ብዬ ጻፍኩ። "አስተያየት" የሚለውን ቦታ ባዶ ተውኩት።

"ምን ሸተተሽ?" አሉ ሙዓሊም።

"ምንም" አልኳቸው። አፍንጫዬን አምነው ፈረሙ።

ስድስት ወር ያህል አለፈ። አንድ ሰኞ ጠዋት የሺ ደወለች፤ መጀመሪያ ልቅሶዋን እንጂ ቃሏን አልሰማሁም። ሐጁ በየጠዋቱ ዓብዱን እያስከፈቱ ታንከሩን በዘንግ ይለካሉ። ናፍጣው ጀነሬተሩ ከሚጠጣው በላይ እየጎደለ ነው። የክዳኑ ቁልፍ ያለው ዓብዱ እጅ ብቻ ነው።

"ሐጁ የእርስዎን ወረቀት አውጥተው አሳዩን እትዬ። 'ሙሃንዲሳዋ ታንከሩ ደህና ነው ብላለች፣ ታዲያ ማዙቴን ማን ጠጣው?' አሉ። እስከ ዓርብ ካላመነ ለፖሊስ አስረክበዋለሁ ብለዋል። ዓብዱ በቁርኣን ማለ። ግን እትዬ፣ እርስዎ ደህና ነው ካሉ... እኔ ታዲያ ባሌን ምን ልበለው?"

ስልኩን ዘጋሁ። ሙዓሊም ፊት ሄጄ ቆምኩ። ያለፈውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ የበረንዳውን ሴቶች ሳይቀር። ይጮኻሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኹም፤ ያ ደግሞ የባሰ ሆነብኝ።

"ክሎር ሸቶሽ ነበር" አሉ።

"አዎ።"

"እኔ ስጠይቅሽ ምንም አልሽ።"

"አዎ ሙዓሊም።"

ተነሥተው ነጭ ሸሚዛቸውን ለበሱ። "ወረቀቱ ላይ የሁለታችንም ስም አለ። አብረን እንሄዳለን። የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ፤ እኔ እቀመጣለሁ።"

ሐጁ ግቢያቸው ውስጥ ተቀበሉን። ሙዓሊም በታመመ ልባቸው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዓብዱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ የሺ ከበራቸው ላይ አንገቷን አቀርቅራለች። እኔ ሐጁ ፊት ቆሜ ተናገርኩ።

"ሐጅ፣ ያ ወረቀት ስህተት ነው። ታንከሩ ከመምጣቴ በፊት በክሎር ታጥቦ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ። ደህና ነው ማለት አልነበረብኝም። ናፍጣውን የሚጠጣው ታንከሩ ነው ብዬ አምናለሁ።"

ሐጁ አንዴ እኔን፣ አንዴ የሺን አዩ። "ዘይነብ፣ ስድስት ወር ሙሉ ደህና ነበር፤ ዛሬ የአገርሽ ልጅ ስታለቅስ ተበሳ? ወላህ አልፈርድብሽም፣ ሰው ለወገኑ ያዝናል። ግን እኔ ልጅ አይደለሁም።"

ይህን አላሰብኩም ነበር። እውነቱን ስናገር እንኳ የማልታመን ሆንኩ፤ ያደረግሁት ደግሞ ራሴ ነኝ። ንዴቴ ግን ረዳኝ፤ በሙያዬ ሲመጡብኝ ፍርሃቴ ይጠፋል።

"እኔን አይመኑኝ ሐጅ" አልኳቸው። "ጀነሬተሩን ከዛሬ ጀምሮ ከበርሜል ያጠጡት። ታንከሩን ራስዎ ይለኩት፣ በዘንጉ ላይ ራስዎ ምልክት ያድርጉ። ወደ ጀነሬተሩ የሚሄደው ቧንቧ ይዘጋ። ክዳኑን በአዲስ ቁልፍ ቆልፈው ቁልፉን ኪስዎ ያድርጉ። ዓርብ ጠዋት ራስዎ ይክፈቱት። ናፍጣው ከምልክትዎ ካልወረደ ዓብዱ ሌባ ነው፣ እኔም ውሸታም ነኝ፣ ከእንግዲህ ማንም ሰው ታንከር እንዳያስነካኝ በየሰፈሩ ይንገሩብኝ።"

ሐጁ ወደ ሙዓሊም ዞሩ። ሙዓሊም አንድ ጊዜ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐጁ ልጃቸውን ልከው አዲስ ቁልፍ አስገዙ።

በዚያች ሳምንት በጭንቀት አለቅሁ። እርግጠኛ ነበርኩ፤ ግን ጥቁሩ አንዳንድ ጊዜ ራሱ የበሳውን ራሱ እንደ ቡሽ ይደፍነዋል፤ ያኔ ፍሳሹ ለጥቂት ቀን ያርፋል። እነዚያን አራት ቀናት ቢያርፍስ? ዓብዱ በእኔ እጅ ሁለተኛ ጊዜ መጥፋቱ ነው። ሙዓሊምም ይህን ያውቃሉ፤ ተቀምጠው እርሳሳቸውን ይቀርጻሉ።

ዓርብ ጠዋት ግቢው ሞልቶ ጠበቀን። ሐጁ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ከፈቱ፣ ዘንጉን አወረዱ፣ አወጡ፣ አዩ። ጠርገው እንደገና አወረዱ። ለሦስተኛ ጊዜ አወረዱ። ናፍጣው ከራሳቸው ምልክት ሁለት ጣት ወርዶ ነበር።

ሐጁ ዘንጉን ግድግዳ ላይ አስደገፉና አዲሱን ቁልፍ ይዘው ወደ ዓብዱ ሄዱ። እጁን ያዙና መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። "ዓብዱ፣ ልጄ" አሉት። ዓብዱ ቁልፉን ተቀበለ፤ ቀና ብሎ ግን አላያቸውም። የሕንፃው ሴቶች እልል አሉ። ሙዓሊም ከወንበራቸው ተነሡ፣ የድሮውን ወረቀት ከሐጁ ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝ፣ በእርሳስ ትልቅ መስመር አሰረዙኝና ከሥሩ ስሜን አጻፉኝ።

ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ሙዓሊም ካረፉም በኋላ፣ የቅጻችን የመጀመሪያ ጥያቄ "ቦታውን በቅርቡ ያጠበው ሰው አለ ወይ?" የሚል ሆኗል። እኔ ነኝ ያስገባሁት። ታጥቦ ካገኘሁት ሐጅ አልል፣ ቄስ አልል፣ የአገሬ ልጅ አልል፣ እጮሃለሁ። ባውሽሪዬ ውስጥ ክፉ ሴት የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ከዚያ ወዲህ ከፈረምኩት ታንከር ግን አንድም የከዳኝ የለም፤ ይህን በድፍረት እናገራለሁ።

የቡርጅ ኤል ባራጅነሁ ታንከር የወጣበትን ቀን ግን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ሳምንት ቆይቶ ነው፤ አፈሩ ተቆፍሮ በክሬን አወጡት። የእነ የሺ ብሩሽ ባልደረሰበት፣ በወዲያኛው ጫፍ ግርጌ ላይ፣ ባቄላ የምታህል ቀዳዳ አገኘሁ፤ ዙሪያዋን ጥቁር ቅርፊት ከቧታል። አንድ ጠብታ አሲድ ጣል ሳደርግበት ሽታው ግቢውን ሞላው። ሐጁ ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከትተው አወጡና ጥቁሩን አዩት፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ቤት ገቡ።

የሺ አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለች። ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰችው።

"እኔ ስላሸሁት ነው የተበሳው እትዬ?"

"አይደለም። አንቺ ሳትመጪ ጀምሮ ሲበሉት ኖረዋል። አንቺ ያጠብሽው ሽታቸውን ነው። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

"መታጠብ እንዳልነበረበት ያን ቀን ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልጮኹብኝም?"

"ደስ ብሎሽ ነበር" አልኳት። "ሰውም ያይ ነበር። እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው።"

ጣቷ ላይ የቀረውን ጥቁር ብዙ አየችው። አልተቆጣችም፤ ድምጿም ከፍ አላለም።

"እትዬ፣ ቁጣዎን እኮ ራቴን በልቼ እረሳው ነበር" አለችኝ። "ባሌን 'እውነት ሰርቀሃል ወይ?' ብዬ የጠየቅሁበትን ቀን ግን እሱ በምን ይርሳልኝ?"